የቀወት ቀበሌዎችና ወኪሎቻቸው

በቀወት ወረዳ ለምክር ቤት ሰው የሚመረጥበት ዝቅተኛው ክልል ቀበሌ ነው። የገጠሩ ቀበሌ ግን መጀመሪያ የተከለለው ለድምፅ መስጫ ሳይሆን ለመሬት ድልድል ነበር፤ የአካባቢው የውክልና ታሪክ የሚገለጠውም ከዚህ ሲነሱ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት ቀወት የሚገኝበት የይፋት ቆላ ገበሬ በቅርብ የሚያውቀው ሹመትን እንጂ ውክልናን አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ግብር ያሰባስባል፣ ትእዛዝ ያወርዳል፣ ተፈላጊ ያቀርባል። የአገሬውን ቃል ወደ ላይ ማድረስ ከሥራው አይቆጠርም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በአዋጅ የተቋቋሙት አጥቢያ ዳኞችም ጥቃቅን ክርክሮችን ያዩ ነበር እንጂ የነዋሪው እንደራሴዎች አልነበሩም።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ብዙ ሳይቆይ ተካሄደ። ቀወት ያን ጊዜ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሥር ነበረ። ሕጉ 200,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይሰጣል። ለመወዳደር በዚያው ክልል 1,000 ብር የሚያወጣ ቋሚ ንብረት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ሀብት ያስፈልጋል። ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘመዱና በሀብቱ ነው። ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን በዚህ ሚዛን የማይታሰብ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በትእዛዝ ቁጥር 43 የአውራጃ ራስ አስተዳደር ሊያቋቁሙ ቢነሡም ፓርላማው ድጋፉን ነፈገውና ውጥኑ ሳይሠራ ቀረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገው አዋጅ ጋር ነው። አዋጁ ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ ያህል፣ በሚሸፍን መሬት ላይ ማኅበር እንዲያቋቁም አዘዘ። ከ10 ሄክታር በላይ የነበራቸው ባለመሬቶች ድልድሉ ሳያልቅ አባል መሆን አይችሉም ነበር። ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበሩንና የፍርድ ሸንጎውን ከራሱ መካከል ይመርጣል፤ ወኪሎቹንም ወደ ወረዳ ማኅበር ይልካል። ትናንት በሰው መሬት ላይ ያርስ የነበረ ሰው ዛሬ መሬት ደልዳይና ዳኛ ሆነ። ይህ ነፃነት ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ኮታ እህል ሰብሳቢ፣ ወጣት ለጦር መልማይ ሆነና እንደ ቀድሞው ጭቃ ሹም ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥም አካሄዱ ከገዢው ፓርቲ ከኢሠፓ እጅ አልወጣም።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳ የራሱ ምክር ቤት ያለው የአስተዳደር እርከን ሆነ። የቀበሌ ነዋሪዎች ለወረዳው ምክር ቤት ተወካይ ይመርጣሉ፤ ምክር ቤቱም አፈ ጉባኤውንና አስተዳዳሪውን ከአባላቱ መካከል ይሰይማል። የገበሬ ማኅበራቱ ክልልም አንዳንዱ ከጎረቤቱ እየተዋሐደ የዛሬው ገጠር ቀበሌ መሠረት ሆነ። የሮቢን ወንዝ እየጠለፉ ሽንኩርት የሚያለሙና ዝናብ እየጠበቁ ማሽላና ማሾ የሚዘሩ ገበሬዎች ችግራቸው አንድ አይደለምና ወኪሉ ከየት መንደር እንደመጣ ማወቅ ለመራጩ ተራ ነገር አይደለም። አንድ ግርምትም አለ፦ የወረዳው መቀመጫ ሸዋ ሮቢት የራሷ የከተማ አስተዳደር ስላላት፣ የቀወት ምክር ቤት የሚሰበሰበው በማይወክላት ከተማ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲይዝ ተደረገ፤ በመላ አገሪቱ የተወዳደሩባቸው ወንበሮች 3.6 ሚሊዮን ያህል ደረሱ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የሰፋ ውክልና አይገኝም። ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ግን ራሳቸውን አግልለው ስለነበር ወንበሮቹ ከሞላ ጎደል በወቅቱ ገዢ በነበረው በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። 300 ሰው ያለበት ጉባኤ ለስብሰባ እንጂ ለክርክር አይመችም፤ ሥራው በጥቂት የካቢኔ ሰዎች እጅ መውደቁም የሚጠበቅ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፣ ቆይቶም ዳግመኛ ተላለፈ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች ነበር፤ የወረዳና የቀበሌ ወንበሮች አልቀረቡም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሚያዝያ የቀወት አጎራባች የሆነችው አጣዬ በግጭት ተቃጥላ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ውሎ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በአምስት ዓመት የሥራ ዘመን የተመረጡት የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶችም ዘመናቸው ካበቃ በኋላ፣ አዲስ ድምፅ ሳይሰጥባቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።