የሩር አካባቢ የኢንዱስትሪ ዕድገትና የካርቦን ልቀት

አንድ አካባቢ በኢኮኖሚ ሲያድግ ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን አብሮ እንደሚጨምር፣ ሀብቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ግን ልቀቱ መልሶ እንደሚቀንስ የሚያስረዳው አስተሳሰብ ከ1990ዎቹ ወዲህ በኢኮኖሚ ትምህርት ሰፊ ቦታ ይዟል። በጀርመን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የሩር አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር፣ ልቀቱ ቀነሰ ከማለት በፊት ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ግድ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢው በአመዛኙ የገበሬ አገር ነበር። የከርሰ ምድሩን ውሃ በእንፋሎት ሞተር እየሳቡ ከጥልቅ ጉድጓድ የድንጋይ ከሰል ማውጣት ከተቻለና በ1847 ከኮሎኝ እስከ ሚንደን የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ከተከፈተ በኋላ ግን ከሰል፣ ብረትና ባቡር እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ አደጉ። ከሰሉ ወደ ኮክ ተለውጦ ማዕድኑን ያቀልጣል፤ ብረቱ ሐዲድ ይሆናል፤ ሐዲዱም ከሰሉን ለገበያ ያደርሳል። በ1850 ከ10 ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ የነበራት የኤሰን ከተማ በ1910 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት። በብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ካርቦን ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ኦክሲጅንን ከብረት ማዕድኑ ነጥሎ የሚወስደው እርሱ ነውና፣ ብረቱ በበዛ ቁጥር ልቀቱም ይበዛል። በ1956 ከሩር የወጣው ከሰል ከ120 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር።

በ1961 ቪሊ ብራንት በምርጫ ዘመቻቸው የሩር ሰማይ እንደገና ሰማያዊ መሆን እንዳለበት አሳሰቡ። በተከታዩ ዓመት የኖርድራይን ዌስትፋለን ክፍለ ግዛት የአየር ንጽሕና ሕግ አወጣ፤ ማጣሪያዎችም ተተከሉ። ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር፤ በጥር 1985 እንኳ ከፍተኛው የጭጋግ ጭስ ማስጠንቀቂያ ታውጇል። ከጊዜ በኋላ ሰማዩ በእርግጥ ጠራ። ነገር ግን ማጣሪያው የሚያስቀረው አቧራውንና ጥላሸቱን ነው፤ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይታይ ያልፋል። ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን በቀላሉ ያምታታሉ፤ ባለሙያዎችም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደሉም።

ከሰሉን ያዳከመው በዋናው የገበያ ለውጥ ነው። ከ1958 ጀምሮ ርካሽ ነዳጅ ዘይትና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሰል የሩርን ማዕድን ከገበያ ገፋው። የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ በቦትሮፕ ከተማ በታኅሣሥ 2018 ተዘጋ፤ ሆኖም የጀርመን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከውጭ የተገዛ ከሰል ማቃጠላቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሚሆነው የዶርትሙንድ ጉዳይ ነው። በዚያ የነበረው የፊኒክስ ብረታ ብረት ፋብሪካ በ2001 ሲዘጋ ሻጋንግ የተባለ የቻይና ኩባንያ ገዛው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሠራተኞች መጥተው ፋብሪካውን ብሎን በብሎን ፈቱት፤ በመርከብ ተጭኖም በያንግትዜ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በዣንግጂያጋንግ ከተማ ተተከለ። በ1992 በተሠራው ዘመናዊ የካይዘርሽቱል የኮክ ፋብሪካም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት ልቀት የሚመዘገበው በሚለቀቅበት አገር ስለሆነ፣ የእነዚህ ምድጃዎች ጭስ ከጀርመን መዝገብ ተሰርዞ በቻይና መዝገብ ገባ። በፊኒክስ ቦታ ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተቆፍሮ ዙሪያውን ውድ ቤቶች ተሠሩ። ከዚያ የሚገኘው ገቢ የሩር ዕድገት ተብሎ ሲቆጠር ምድጃው ግን በሌላ ክፍለ ዓለም ይነዳል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሠራተኛውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። መንግሥት አስቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት በዚህ የከሰል አገር በ1965 የቦኹምን፣ በ1968 የዶርትሙንድን ዩኒቨርሲቲ ከፈተ፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ የላቀው ነው። ትምህርቱ የደረሰው ግን ለማዕድን ቆፋሪው ልጅ እንጂ የ45 ዓመት ዕድሜ ለነበረው ለአባትየው አልነበረም። ከሰል ከቆመም በኋላ ጌልዘንኪርሸንን የመሰሉ ከተሞች በሥራ አጥ ብዛት ከአገሪቱ ከተሞች የመጀመሪያውን ረድፍ ይዘው ቆይተዋል።