መግቦተ እግዚአብሔር በሥነ ፍጥረት፤ በቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ትምህርትና ሥራ

እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ እንደሚመግብ ቅዱሳት መጻሕፍት በብዙ ስፍራ ይመሰክራሉ። ነቢዩ ዳዊት ወደ እርሱ ለሚጮኹ የቍራ ጫጩቶች ምግባቸውን የሚሰጥ አምላክ መሆኑን ይናገራል፤ ጻድቁ ኢዮብም ስለ ቍራ ምግብ ከእግዚአብሔር ተጠይቋል (ኢዮብ ምዕ. 38 ቊ. 41)። ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስም የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች ለደቀ መዛሙርቱ ምሳሌ አድርጎ ሰጥቷል። ይህ ትምህርት በምእመናን ዘንድ የታወቀና የተወደደ ነው። ነገር ግን ዝናም በጠፋበት፣ ምድር በደረቀበት፣ እናት ለልጅዋ የምትሰጠውን ባጣችበት ዘመን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ቍራን የሚመግብ አምላክ ካለ ሰው ስለ ምን ይራባል?

ለዚህ ጥያቄ በቃልም በሥራም መልስ ከሰጡት አባቶች አንዱ የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። እርሱ ስለ አእዋፍና ስለ እንስሳት፣ ስለ ባሕርና ስለ ዕፀዋት ያስተማረው ትምህርት በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይሁን እንጂ ያን ትምህርት ያስተማረው ሰው አስቀድሞ ረኃብን በዓይኑ ያየ፣ ለተራቡትም በገዛ እጁ ያቀረበ መሆኑ ካልታወቀ የቃሉ ክብደት አይታወቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ቍራ የተነገረውን የወንጌል ቃል የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የተጻፈበትን ስፍራ ሊመለከት ይገባዋል። ቅዱስ ማቴዎስ በጠቅላላው ወፎች ያላቸውን ቅዱስ ሉቃስ ቍራዎች ብሎ ለይቶ ጠርቷቸዋል፤ ዕቃ ቤትና ጎተራም እንደሌላቸው ጽፏል (ሉቃስ ምዕ. 12 ቊ. 24)። ከዚህ ጥቂት ቍጥሮች አስቀድሞ የሚገኘው ግን እርሻው እጅግ ያፈራለት፣ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጠውን ለመሥራት ያሰበና በዚያችው ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀ የባለጸጋው ምሳሌ ነው። ጎተራ የሌለው ቍራ በልቶ ያድራል፤ ጎተራው የበዛለት ሰው ግን ሳይበላው ቀረ። እንግዲህ ስለ መግቦት የተሰጠው ተስፋና ስለ ስስት የተሰጠው ተግሣጽ በአንድ ምዕራፍ የተጻፉ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ትምህርት ናቸው። ባስልዮስም ያስተማረው ሁለቱን አጣምሮ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ተወለደ። የዋና ከተማው የቂሣርያ ስፍራ ዛሬ በቱርክ አገር ካይሰሪ ይባላል። ቤተ ሰቡ በሀብትም በሃይማኖትም የከበረ ነበር፤ እኅቱ ቅድስት ማቅሪና፣ ወንድሙም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ናቸው። በቍስጥንጥንያና በአቴና ከተማረ በኋላ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄዶ የመነኮሳቱን ኑሮ ተመለከተ። ከዚያም ተመልሶ በጳንጦስ አገር በወንዝ ዳር በምናኔ ተቀመጠ፤ በኋላም በቂሣርያ ቅስና ተቀበለ።

ገና ቄስ ሳለ፣ በ368 እና በ369፣ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ክረምቱ ደረቅ ሆኖ አለፈ፤ የጸደይም ዝናም ቀረ። ባስልዮስ በዚያ ወራት በሰጠው ስብከት እንደሚናገረው ሰማዩ ደመና አጥቶ ጠራ፤ ምድሪቱም ተሰነጣጠቀች። ሙላታቸው ይፈራ የነበሩት ወንዞች ስለ ጐደሉ ሕፃናት በእግራቸው ተሻገሯቸው። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ ረኃቡ የጸናበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች የጐደላቸውን በመርከብ ያስመጣሉ፤ ከባሕር የራቀች ከተማ ግን ትርፏን የምትሸጥበት፣ ጕድለቷንም የምትሞላበት መንገድ የላትም ይላል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እህል ያላቸው ሰዎች ዋጋው እስኪንር ጎተራቸውን ዘግተው መጠበቃቸው ነበር።

ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ያደረጋቸው ስብከቶች እስከ ዛሬ ይገኛሉ። አንደኛው ጎተራውን ሊያፈርስ ስላሰበው ባለጸጋ የተሰጠ ነው። በዚህ ስብከት ውስጥ እህል መግዣ ስላጣ አንድ አባት ይናገራል። ያ ሰው ቤቱን ዞሮ ቢመለከት የሚሸጥ ዕቃ የለውም፤ የቀሩት ልጆቹ ብቻ ናቸው። አንዱን ሸጦ ሌሎቹን ለማትረፍ ያስባል፤ ነገር ግን ማንኛውን እንደሚሸጥ መምረጥ አይችልም። በኵሩን ቢል የበኵርነቱን ክብር ያፍራል፤ ታናሹን ቢል ምንም ለማያውቅ ሕፃን ያዝናል። በመጨረሻ እያለቀሰ አንዱን ልጁን ወደ ገበያ ሲያወጣ እህል ያለው ሰው በዋጋው ይከራከረዋል። ባስልዮስ ይህን የተናገረው ሰሚዎቹ የረኃብን ነገር እንደ ሩቅ ወሬ እንዳይሰሙት ነው።

ከዚህም አያይዞ ከፍጥረት ምሳሌ ያመጣል። ምድር ፍሬዋን የምታበቅለው ራስዋ ልትበላው አይደለም፤ ለሌላ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ ሰው ነፍስ ከሌላት ከምድር አንሶ እንዳይገኝ ይመክራል። የውኃ ጕድጓድም ሲቀዳ ይጠራል፣ ይበዛል፤ ሳይቀዳ ቢቀመጥ ግን ይሸታል፤ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በሌላው ስለ ድርቅ በተናገረው ስብከት በጎች በአንድ ተራራ፣ ፈረሶች በአንድ ሜዳ ተካፍለው ሲሰማሩ ሰው ብቻ የጋራ የሆነውን ለብቻው እንደሚያከማች ገልጿል። በባለጸጋ ቤት የተከማቸው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ፣ በሣጥን የተዘጋውም ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን በግልጽ አስተምሯል። እንግዲህ ባስልዮስ ለጥያቄው የሰጠው መልስ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር መስጠቱን አላቋረጠም፤ የተሰጠው ግን በመንገድ ላይ በሰው እጅ ተይዞ ቀርቷል።

ስብከቱ በቃል ብቻ አልቀረም። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ለባስልዮስ መታሰቢያ በተናገረው ንግግር እንደመሰከረው፣ ባስልዮስ በምክሩ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፈተ። በረኃብ የደከሙትን ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ስፍራ ሰብስቦ በትላልቅ ድስት የጥራጥሬ ሾርባና በጨው የተጠበቀ ሥጋ አቀረበላቸው፤ እርሱም እንደ አገልጋይ ታጥቆ ያስተናግዳቸው ነበር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ የአባቱን ርስት ለድኾች ማውጣቱን ጽፏል።

ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በዚሁ ንግግር ባስልዮስ እንደ ሙሴ ከሰማይ መና አላወረደም፣ እንደ ኤልያስም የማያልቅ ማድጋ አላስገኘም ይላል፤ ነገር ግን የእነርሱን ሥራ የሚመስል ሥራ በእምነት መሥራቱን ያስረዳል። ይህ የኤልያስ ነገር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በድርቁ ዘመን ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ሳለ ቍራዎች እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር (1ኛ ነገሥት ምዕ. 17)። ፈፋው በደረቀ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ነቢዩን በሌላ ፈፋ በቍራዎች እጅ እንዲመገብ አላደረገውም፤ ወደ ሰራፕታ ሄዶ ከአንዲት መበለት እንዲቀበል አዘዘው። መበለቲቱም የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር። በመጀመሪያ በወፍ እጅ የተሰጠው ምግብ በሁለተኛው ጊዜ በድኻ ሴት እጅ ተሰጠ፤ ሰጪው ግን ያው አንድ አምላክ ነው። ቍራው የታዘዘውን አደረሰ፤ መበለቲቱም ያላትን አካፈለች። የቂሣርያ ባለጸጎች ግን እስኪገሠጹ ድረስ ከቍራው አንሰው ተገኙ።

በ370 ባስልዮስ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ስድስቱን የፍጥረት ቀናት የተረጐመባቸውን ዘጠኝ ስብከቶች የሰጠው በዐቢይ ጾም ወራት፣ በጧትና በማታ ጉባኤ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በ378 ገደማ እንደ ተሰጡ ይነገራል። ሰሚዎቹ የተማሩ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በሦስተኛው ስብከት መጀመሪያ ላይ ከጉባኤው መካከል የዕለት እንጀራቸውን በጭንቅ የሚያገኙ ብዙ የእጅ ሠራተኞች መቆማቸውን ጠቅሶ፣ ሥራቸው እንዳይታጐል ቃሉን ሊያሳጥር እንደሚገባው ተናግሯል። ስለ ወፎችና ስለ ጉንዳን የተነገረውን የሰሙት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች ጨረባን ምሳሌ አድርጎ አቀረበላቸው። ጨረባ በቤት ጣራ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራ ትንሽ ወፍ ናት። እጅ ሳይኖራት፣ መሣሪያም ሳይኖራት ጭቃና ገለባ እያመላለሰች ለጫጩቶቿ ቤት ትሠራለች፤ ስለዚህ ድኻ በድኽነቱ ተስፋ እንዳይቈርጥ ትመክረዋለች። ሽመላ ደግሞ ላባቸው የረገፈውን ያረጁ ወላጆቿን ታሞቃለች፣ ትመግባለችም ብሎ ልጆች አባትና እናታቸውን እንዲጦሩ አስተማረበት። ጉንዳን በበጋ የክረምቷን ስንቅ ትሰበስባለች፤ እህሉ እንዳይበቅል ትነክሰዋለች፤ ቢረጥብባትም አውጥታ በፀሐይ ታሰጣዋለች። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲውጥ አይቶም ደካማውን የሚቀማ ሰው መጨረሻው በመንጠቆ እንደ ተያዘው ዓሣ እንዳይሆን አስጠነቀቀ።

ባስልዮስ ስለ እንስሳት ጠባይ የተናገረው በዘመኑ ከነበሩት የግሪክ መጻሕፍት የተገኘ ስለሆነ ሁሉም ከዛሬው ዕውቀት ጋር አይስማማም። ጨረባ ጭቃውን በክንፏ ትይዛለች ቢባልም የምትይዘው በአፏ ነው። ሽመላም ያረጁ ወላጆቿን እንደምትመግብ የዛሬ ተመራማሪዎች አላረጋገጡም። ስለ ጉንዳን የተነገረው ግን እህል ሰብሳቢ በሆኑት የጉንዳን ወገኖች ዘንድ በእርግጥ ይታያል። ሽመላም ብትሆን የጉዞ ጊዜዋን ማወቋ ነቢዩ ኤርምያስ የመሰከረው እውነት ነው (ምዕ. 8 ቊ. 7)። በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሽመላዎች በጸደይ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን፣ በመከርም ወደ ደቡብ ሲመለሱ በቅድስት አገር ላይ ያልፋሉ፤ ከምድር በሚነሣው ሙቅ አየር ስለሚንሳፈፉ ሰፊውን ባሕር ትተው ዳርቻውን ይዞራሉና። ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ምእመን በዮርዳኖስ ሸለቆ ዓይኑን ቢያነሣ ሊያያቸው ይችላል። ወፎቹ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ለመቀበል ብዙ ምድር ያቋርጣሉ።

በዚህም ምክንያት ባስልዮስ አትጨነቁ የሚለውን ትእዛዝ ለሥራ ፈትነት ማመካኛ እንዲሆን አልፈቀደም። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዐት ጸሎት ከሥራ መሸሻ እንዳይሆን አዟል። የሚሠራውም ሰው ለራሱ ጕድለት እየተጨነቀ ሳይሆን የተቸገረውን ለመርዳት እያሰበ እንዲሠራ አስተምሯል። ስለ ራስ መጨነቅ ቀረ፤ ስለ ባልንጀራ መድከም ግን ጸና።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በቂሣርያ ከተማ ውጭ በሠራው የምጽዋት ቤት ታየ። በ372 ገደማ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ በጻፈው መልእክት የእንግዶች ማረፊያ፣ የበሽተኞች መጠለያ፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ የጭነት ከብቶችና መንገደኛውን የሚሸኙ ሰዎች በዚያ እንደሚያስፈልጉ ገልጿል። ለምጻሞችም በዚያ ይረዱ ነበር። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ስፍራ እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮታል፤ በኋላም በመሥራቹ ስም ባሲልያስ ተብሏል።

ባስልዮስ በ379 መጀመሪያ ዐረፈ። የስድስቱ ቀናት ትርጓሜው ብዙ ሳይቈይ በሚላኖ ለነበረው ለቅዱስ አምብሮስዮስ ትምህርት ምንጭ ሆነ። በግእዝ አክሲማሮስ የሚባለው መጽሐፍ ስሙ ከዚሁ ስድስት ቀን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ቢሆንም የሚሰጠው ለቆጵሮሱ ለቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስለሆነ ከባስልዮስ ስብከት ጋር እንዳይደባለቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የባስልዮስ ስም የታወቀው በቅዳሴው፣ በፍትሐ ነገሥት በሚጠቀሱት ቀኖናዎችና በስንክሳር ነው። መታሰቢያውም ጥር 6 ቀን ይውላል፤ ይህም በጥንቱ በዩልዮስ አቈጣጠር የጃንዋሪ መጀመሪያ ቀን ነው። በዚሁ ቀን የነቢዩ ኤልያስ ዕርገት ይታሰባል። በድርቅ ዘመን በቍራና በመበለት እጅ የተመገበው ነቢይና በድርቅ ዘመን የተራቡትን የመገበው ኤጲስ ቆጶስ በአንድ ቀን ይነበባሉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ እግዚአብሔር ፍጥረቱን ሁሉ ይመግባል፤ ይህም እምነት በረኃብ ዘመን እንኳ አይሻርም። ሁለተኛ፣ መግቦቱ ሥራን አይከለክልም፤ ጨረባም ጉንዳንም ሳይደክሙ አይመገቡም። ሦስተኛ፣ ለሰው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ያልፋል፤ ስለዚህ እጁን የሚዘጋ ሰው የባልንጀራውን ድርሻ ይዟል፤ የሚዘረጋውም የመግቦቱ አገልጋይ ሆኗል። በማድጋዋ አንድ እፍኝ ዱቄት ብቻ የቀራት የሰራፕታ መበለት ይህን ሥራ ስለ ፈጸመች፣ የለኝም ብሎ የሚያመካኝ ሰው በእርሷ ፊት መልስ አያገኝም።

ፍጥረቱን ለሚመግብ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን።