የአባ ማክሲሚሊያን ኮልቤ ሕይወትና የሰማዕትነታቸው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1982 በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አንድ ፖላንዳዊ መነኵሴ ቅዱስ ብለው ሲሰይሙ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ፍራንቺሼክ ጋዮቭኒቼክ የሚባል የ80 ዓመት ሽማግሌ ተገኝቶ ነበር። ይህ ሰው ከ41 ዓመት በፊት በረኃብ እንዲሞት ተፈርዶበት ሳለ፣ መነኵሴው በፈንታው ገብተው ስለ ሞቱለት እስከዚያች ቀን በሕይወት የቈየ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም በዚያው ዕለት አባ ማክሲሚሊያን ኮልቤ ቅዱስ ብቻ ሳይሆኑ ሰማዕትም ተብለው እንዲከበሩ ወሰኑ። ውሳኔው ግን ያለ ክርክር የተደረሰበት አልነበረም። ከካቶሊክ ሊቃውንት መካከል፣ ሞታቸው የቅድስና እንጂ በሕጉ አነጋገር የሰማዕትነት አይደለም የሚሉ ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአባ ኮልቤን ሕይወት ባጭሩ ከተረከ በኋላ፣ ሰማዕት መባላቸው ከታሪክ ማስረጃ ጋራ ምን ያህል እንደሚስማማ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከዝዱንስካ ቮላ እስከ ናጋሳኪ

ኮልቤ በ1894 ዝዱንስካ ቮላ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ የሕፃንነት ስማቸው ራይሙንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ፖላንድ በሦስት ኃያላን መንግሥታት ተከፋፍላ ነፃነቷን ያጣች አገር ስትሆን፣ የትውልድ ከተማቸው በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። ወላጆቻቸው በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ ድኾች ነበሩ። ራይሙንድ በ1907 ልቩፍ ወደሚገኘው የፍራንሲስካውያን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1910 የምንኵስናን ሕይወት ሲጀምሩም ማክሲሚሊያን ተባሉ። ከ1912 ጀምሮ ሮማ ላይ ፍልስፍናና ትምህርተ መለኰት አጠኑ። በ1917 ገና ተማሪ ሳሉ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋራ በእመቤታችን በማርያም ስም አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ በሚከተለውም ዓመት ክህነት ተቀበሉ።

ወደ አገራቸው የተመለሱት የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ የበሽተኛ ሥራ አይመስልም። በ1922 ክራኮቭ ላይ «የንጽሕት ድንግል ፈረሰኛ» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት በ5000 ቅጂ ማሳተም ጀመሩ። በ1927 ከዋርሶ በስተምዕራብ ኒዬፖካላኑፍ የሚባለውን ገዳም ተከሉ። ገዳሙ በ1939 ከ700 በላይ ወንድሞች የሚኖሩበት ሆኖ ነበር። እነዚህ መነኰሳት ከጸሎት ሲወጡ ፊደል ለቃሚዎች፣ የማተሚያ መኪና ነጂዎችና መካኒኮች ነበሩ፤ የራሳቸውም የእሳት አደጋ ተከላካይ ነበራቸው። ኮልቤ የዘመኑን መሣሪያ ሁሉ ለስብከት ማዋል ይገባል የሚል ጽኑ እምነት ስለ ነበራቸው፣ በ1930 ጃፓን ደርሰው ናጋሳኪ ላይ ሌላ ገዳም አቆሙ፤ በደረሱም በሁለተኛው ወር መጽሔታቸውን በጃፓንኛ አወጡ። ከተማዪቱ በ1945 በአቶሚክ ቦምብ ስትጠፋ በተራራ ተከልሎ የነበረው ያ ገዳም ሳይፈርስ ቀረ።

ሊሸፈን የማይገባው ነገር

የቅዱሳንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ደካማውን ጎን መዝለል ይወዳሉ። የታሪክ ተማሪ ግን እንዲህ ለማድረግ ፈቃድ የለውም። ከኒዬፖካላኑፍ ማተሚያ ቤት ከ1935 ጀምሮ ይወጣ የነበረው «ትንሹ ዕለታዊ» የተባለ ጋዜጣ በአይሁድ ላይ ጥላቻ የሚያሳድር ጽሑፍ አትሟል። ጋዜጣው ሲጀመር ኮልቤ ጃፓን ነበሩ፤ ለአዘጋጆቹም ጥላቻ እንዳያስፋፉ የመከሩበት ደብዳቤ አለ። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ቀደም ብለው በጻፏቸው አንዳንድ ጽሑፎች፣ አይሁድ ዓለምን ለመግዛት ያሤራሉ የሚለውን የሐሰት ሰነድ እንደ እውነት ተቀብለውት ነበር። ይህ የዘመኑ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ በቂ አይሆንም፤ ያ ስሕተት ያደረሰውን ጥፋት ዓለም አይቶታልና።

በሌላ በኩል ደግሞ ጀርመኖች ፖላንድን በያዙ ጊዜ ገዳሙ በሺህ ለሚቈጠሩ ስደተኞች መጠጊያ እንደ ሆነና ከነዚህም መካከል ብዙ አይሁድ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰው ታሪክ ስለ ሆኑ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይገባም።

በአውሽቪትስ የሆነው

ኮልቤ መጀመሪያ በሴፕቴምበር 1939 ተይዘው በዲሴምበር ተፈቱ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1941 ግን ጌስታፖ እንደ ገና ይዞ ዋርሶ ውስጥ ፓቪያክ በተባለው እስር ቤት አገባቸው። በሜይ 28 ቀን ወደ አውሽቪትስ ተወስደው ስማቸው ቀረና 16670 የሚል ቍጥር ተሰጣቸው።

በጁላይ መጨረሻ ከእርሳቸው ክፍል አንድ እስረኛ ጠፋ። በካምፑ ልማድ አንድ ሰው ሲያመልጥ ሌሎች ዐሥር ሰዎች በረኃብ ይቀጡ ነበር። የካምፑ ምክትል አዛዥ ካርል ፍሪች በሰልፍ ከቆሙት መካከል ዐሥሩን ሲመርጥ፣ ከተመረጡት አንዱ የነበረው የጦር ሠራዊት ሳጅን ጋዮቭኒቼክ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ እያነሣ አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ኮልቤ ከሰልፉ ወጥተው በእርሱ ቦታ ልሙት ሲሉ ለመኑ። ማን እንደ ሆኑ ሲጠየቁም የካቶሊክ ካህን መሆናቸውን ተናገሩ። ያለ ፈቃድ ከሰልፍ የወጣ እስረኛ በዚያው ሊገደል ይችል ነበር፤ ፍሪች ግን ልውውጡን ተቀበለ።

ዐሥሩ ሰዎች ልብሳቸው ተገፎ 11ኛ ቍጥር በሚባለው ሕንፃ ምድር ቤት ተዘጉ። እዚያ የሆነውን የምናውቀው በተለይ ከብሩኖ ቦርጎቪየትስ ምስክርነት ነው። ይህ ሰው በዚያ ሕንፃ ጸሓፊና አስተርጓሚ ሆኖ የሚሠራ እስረኛ ስለ ነበረ፣ ጠባቂዎቹ ሬሳ ለማውጣት ሲገቡ አብሮ ይገባ ነበር። እርሱ እንዳለው፣ ከተዘጋው ክፍል የጸሎትና የመዝሙር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድምፁም ሰዎቹ እየሞቱ በሄዱ ቍጥር እየቀነሰ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራት ሰዎች ብቻ በሕይወት ቀሩ፤ ከነሱም አንዱ ኮልቤ ነበሩ። ክፍሉ ለሌላ ስለ ተፈለገ በኦገስት 14 ቀን 1941 በካርቦሊክ አሲድ መርፌ ተገደሉ። ሬሳቸውም ተቃጠለ።

የሕጉ ክርክር

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሳድሳዊ በ1971 ኮልቤን ብፁዕ ብለው ሲሰይሙ የሰማዕትነትን ማዕርግ አልሰጧቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ18ኛው ምእት ዓመት ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ፣ በኋላ በነዲክቶስ 14ኛ የተባሉት፣ በሰፊው እንዳብራሩት አንድ ሰው ሰማዕት እንዲባል ገዳዩ የገደለው ሃይማኖትን በመጥላት መሆን አለበት። ፍሪች ኮልቤን አልመረጠም፤ ሃይማኖትህን ካድም አላለም። የፈለገው ዐሥር ሰው ብቻ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙት ደግሞ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው የካምፑ ሥርዓት ራሱ ነው፤ ዳሃው በተባለው ካምፕ ብቻ ከታሰሩት ወደ 1780 ከሚሆኑ የፖላንድ ካህናት 868ቱ ሞተዋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሃይማኖትን አይጠላም ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛው የቈየ ትምህርት ነው። ቶማስ ዘአኵይኖ መጥምቁ ዮሐንስ የሞተው ሃይማኖት አልክድም በማለት ሳይሆን ዝሙትን በመገሠጽ መሆኑን አስታውሶ፣ ለእግዚአብሔር ተብሎ የሚሠራ በጎ ሥራ ሁሉ የሰማዕትነት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስተምሯል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1982 የፈረዱት ወደዚህ ወገን ነው።

በእኔ አስተያየት የክርክሩ ድካም ጥያቄውን በገዳዩ ልብ ላይ ማቆሙ ነው። የፍሪችን ልብ የሚያሳይ ሰነድ አናገኝም። የሟቹን ልብ የሚያሳይ ሥራ ግን በብዙ እስረኞች ፊት ተደርጓል። የግዕዙ «ሰማዕት» የሚለው ቃል ሥሩ «ሰምዐ» ሲሆን ትርጓሜውም ምስክር ማለት ነው፤ የግሪኩም ቃል እንደዚሁ ነው። አውሽቪትስ ሰውን ወደ ቍጥር ለመለወጥና ለቍራሽ እንጀራ ሲል ወንድሙን እንዲከዳ ለማድረግ የተሠራ ቦታ ነበር። በዚያ ቦታ ቍጥር 16670 የሌላውን ሰው ሚስትና ልጆች አሰቡ። ይህ ምስክርነት ካልሆነ ምስክርነት የሚባለው ምን እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

የተጠራጠሩት ሊቃውንት ግን በከንቱ አልደከሙም። በ2017 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ባወጡት ሕግ፣ ስለ ሌላው ሰው ሲሉ ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች ከሰማዕትነት የተለየ በራሱ መንገድ ለቅድስና የሚመረመሩበት ሥርዓት ተከፍቷል። ክርክሩ የጠቈመው ክፍተት በሕግ የተሞላው ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

ጋዮቭኒቼክ በ1945 ከእስር ወጥቶ ሚስቱን በሕይወት አገኛት፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ግን በጦርነቱ መጨረሻ ሞተው ነበር። ስለ ልጆቹ ተብሎ የተሰጠው ሕይወት ልጆቹን አላተረፈም። እርሱ ግን በ1995 እስኪሞት ድረስ በየአገሩ እየዞረ ያየውን ተናገረ። የታሪክ ተማሪ ስለ አባ ኮልቤ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር እንደ ቦርጎቪየትስና እንደ ጋዮቭኒቼክ ካሉ ሰዎች አፍ የተገኘ ነው። እነርሱ ባይተርፉ ኖሮ 16670 እስከ ዛሬ ቍጥር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።