ሐረግ

ሐረግ በመነሻ ትርጉሙ በዛፍና በአጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ሲሆን፣ ከዚያም ሰፍቶ የትውልድን መስመር፣ በሰዋስውም ከዓረፍተ ነገር የሚያንሰውን የቃላት ስብስብ ይሰይማል። በብራና ጽሕፈት ሙያ ግን በምዕራፍ መግቢያ ገጽ አናት ላይ የሚሣለው፣ አንዳንዴም በዓምዶች መካከልና በግራ ቀኝ ኅዳጉ የሚወርደው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። አንዱ ጥብጣብ በሌላው ላይ ካለፈ በሚቀጥለው መገናኛ ከሥሩ ይገባል፤ ይህ ተራ አንዴ ከተፋለሰ መላው ጥልፍልፍ ስለሚበላሽ፣ የሐረግ ውበት ከቀዩና ከቢጫው ቀለም ይልቅ በመስመሩ ሥርዓት ላይ ያረፈ ነው ማለት ይቻላል።

ጥበቡ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎልምሷል። ከደሴ በስተሰሜን ለሚገኘው ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280/81 ያስጻፉት ሥዕላዊ ወንጌል፣ ከዚያ ዘመን ይቀድማል።

ንድፍን በማባዛት ረገድ ሐረግ በዚያው ዘመን ከነበረ ሌላ የጌጥ ጥበብ ይለያል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣሊያን አንጥረኞች በብር ላይ የቀረጹትን ጌጥ ከብር፣ ከመዳብ፣ ከእርሳስና ከድኝ በተቀመመ ጥቁር ውህድ ይሞሉት ነበር፤ ሥራው ኒየሎ ይባላል። ቅርጹ ከመሞላቱ በፊት ቀለም እየተቀባ በወረቀት ላይ ይታተም ስለነበር ንድፉ ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሯል። ሐረግ ግን እንዲህ ያለ ማተሚያ ስላልነበረው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ እንደ አዲስ ይሣል ነበር።