ኮንቨርተር

ልደታ በሚገኘው ፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀጠሮውን የሚይዝ ድረ ገጽ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራ ቢባል፣ መዝጋቢው «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» ብሎ ይሞላል። የጃቫ መደበኛ የቀን መቁጠሪያ ግን ያንኑ ዕለት የሚያውቀው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው የኮድ ክፍል ኮንቨርተር ይባላል። የጃቫ ድረ ገጾች በሚሠሩበት በጃካርታ ፌስስ፣ በቀድሞ ስሙ ጃቫ ሰርቨር ፌስስ፣ ኮንቨርተር ሁለት ግዴታ አለበት፦ ተጠቃሚው የጻፈውን ወደ ዳታ ዓይነት ይለውጣል፤ ዳታውንም ለገጹ መልሶ ጽሑፍ ያደርጋል።

ኮዱ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ መመዝገብ አለበት። ቀድሞ ምዝገባው በኤክስኤምኤል ፋይል ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ቅጂ 2.0 ግን «ፌስስኮንቨርተር» የተባለውን አኖቴሽን (በኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) አመጣ፤ ከክላሱ አናት ላይ ይጻፋል፣ ምዝገባውም በዚያው ያልቃል። በስም የተመዘገበውን ገጹ ጠርቶ ይጠቀምበታል፤ ለአንድ የዳታ ዓይነት የተመዘገበው ግን ያ ዓይነት በመጣ ቁጥር ሳይጠራ ይሠራል።

ጳጉሜን 6ን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ የሚመልስ ፎርም ባለጉዳይን ያጉላላል፤ ስለዚህ ይህ ኮንቨርተር የግድ ያስፈልጋል። ስሌቱን ከባዶ መጀመር አያሻም፤ ጆዳ ታይም የተባለው የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል።