ሚኒስትሩ ለማን ነው የሚጠየቀው? ከአጼ ምኒልክ ሹመት እስከ ዛሬው ሕገ መንግሥት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጠቅላይ ሚኒስትርና ስለ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ታሪክ ነው። «ይሄ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ትንሽ ታገሱኝና ታሪኩ ጎብዬና ቆቦ ድረስ እንዴት እንደሚመጣ አብረን እንይ።

በመድረሳ የሲያሳ ኪታብ ያገላበጠ ሰው ኢማም አል-ማወርዲን ያውቃቸዋል። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት እኚህ የሻፊዒይ ሊቅ «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያህ» በተሰኘው ኪታባቸው ወዚርን በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ የተፍዊድ ወዚር ነው፤ ሥልጣን ተሰጥቶት በራሱ አስተያየት ይወስናል። ሌላው የተንፊዝ ወዚር ነው፤ መሪው የወሰነውን ያስፈጽማል፣ በመሪውና በሕዝቡ መካከል ይላላካል። ሁለቱም የሚጠየቁት ግን ለሾማቸው መሪ ነው። የፓርላማ ሥርዓት የሚባለው ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ወዚሩ የሚጠየቀው ሕዝቡ ለመረጣቸው ሰዎች ይሆናል። የአገራችንን ታሪክ በዚህ ሚዛን እንየው።

በኢትዮጵያ ሚኒስትር የሚባል ሹመት በይፋ የተጀመረው በጥቅምት 1900 ዓ.ም ነው። አጼ ምኒልክ እንደነ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር፣ እንደነ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለጽሕፈት ሾሙ። እነዚህ ሰዎች ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ሹመታቸው ግን የተንፊዝ ሹመት ነው። ንጉሡ ይሾማሉ፣ ንጉሡ ይሽራሉ። በ1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ይህን አልለወጠውም። ሁለት ምክር ቤቶች ቢያቋቁምም፣ ሚኒስትሮቹ የንጉሠ ነገሥቱ ሆነው ቀሩ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በጥር 1935 ዓ.ም በወጣው ትእዛዝ የሚኒስትሮች ሥራና ሥልጣን በዝርዝር ተጻፈ፤ ቢትወደድ (በኋላ ራስ ቢትወደድ) መኮንን እንዳልካቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስሙ ትልቅ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥቱ እውነተኛ ቁልፍ በእጃቸው ነበር የሚባሉት ግን የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ምክንያቱም ለንጉሡ ጆሮ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ። ሥልጣን ከአንድ ሰው ብቻ በሚመነጭበት ቦታ ከማዕረግ ይልቅ ቅርበት ይበልጣል። እሳቸውም በ1947 ዓ.ም ሞገሱ ሲነሳ ከቦታቸው ተነሱ።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች በምርጫ እንዲገቡ ፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን መምረጥ፣ መሾምና መሻር ግን አሁንም የንጉሠ ነገሥቱ መብት ነበር። በመጋቢት 1958 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ወደ ተፍዊድ አንድ እርምጃ ነው እንበል። ሆኖም ምክር ቤቱ «በዚህ ካቢኔ እምነት የለንም» ብሎ ሊያወርደው አይችልም ነበር።

ይህ ነገር ምን ዋጋ እንዳስከፈለ የራያና የቆቦ ሰው ሊነገረው አይገባም። በ1965 እና 1966 ዓ.ም ወሎ በረሃብ ተመታ። ከወልድያ በጎብዬና በቆቦ አልፎ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳር በተራበ ሰው ሞላ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። መንግሥት ግን ነገሩን ይፋ ማድረግ አልፈለገም፤ ዓለም በደንብ ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ያነሳው ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ዝናብ መጥፋቱ የአላህ ውሳኔ ነው። እህል በጊዜ አለመድረሱ ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል። የተራበው ሕዝብ እንደራሴ ነበረው፤ እንደራሴው ግን ሚኒስትሩን ከወንበሩ የሚያነሳበት ሥልጣን አልነበረውም።

ከዚያ የሆነው በፍጥነት ሆነ። የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም የአክሊሉ ካቢኔ በሙሉ ሥልጣን ለቀቀ። የለቀቀው በምክር ቤት ድምፅ አይደለም፤ በወታደሩ አመፅና በከተማው ተቃውሞ ነው። በማግስቱ የራስ ቢትወደድ መኮንን ልጅ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማው ተጠሪ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል ብለው ቃል ገቡ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አባቶቻችን አዲስ አበባን ያጥለቀለቁበት ታላቁ ሰልፍ የተደረገው በዚህ መሀል ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ በሃይማኖት እኩልነት ይኑር አሉ። 13 ጥያቄዎችንም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አቀረቡ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ግን ከሥሩ የያዘው ነገር አልነበረም። ከላይ ንጉሡ እየደከሙ፣ ከታች ደርግ እየጠነከረ፣ ልጅ እንዳልካቸው በሐምሌ ወር ተነሱ። በነሐሴ የተዘጋጀው ረቂቅ ሕገ መንግሥትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡ ሲወርዱና ምክር ቤቱ ሲዘጋ ረቂቅ ሆኖ ቀረ። ሦስቱ በዓሎቻችን ከሰልፉ በኋላ በዚያው 1967 ዓ.ም ብሔራዊ በዓል መሆናቸው አልሐምዱሊላህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በምክር ቤት ሕግ ሳይሆን በደርግ ውሳኔ ነው የሆነው።

የረሃቡ ጥያቄስ? መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የቀድሞ ባለሥልጣናት ቃላቸውን መስጠት ጀምረው ነበር። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ማስታወሻ ዛሬ መጽሐፍ ሆኖ የሚነበበው በእስር ቤት ለዚሁ ኮሚሽን የጻፉት ቃል ነው። ምርመራው ሳያልቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም አክሊሉም ልጅ እንዳልካቸውም ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አስተውሉ፤ በሕግ የሚጠየቅበት በር በሌለበት አገር ሚኒስትር ወይ ጭራሽ አይጠየቅም፣ ወይ በጥይት ይጠየቃል። በወሎ ሬሳ ላይ ማን ምን እንደፈረመ በፍርድ ሳይለይ ቀረ።

ደርግ ከዓመታት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለውን ስም መልሶ አመጣ፤ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ተሾሙ። ሥልጣኑ ግን በፕሬዚዳንቱና በፓርቲው እጅ ነበር። እንደገና ተንፊዝ።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም በሥራ ላይ ዋለ። ዋና ዋናው ይህ ነው፦

በምክር ቤቱ ብዙ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል (አንቀጽ 56)። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል (አንቀጽ 73)። ሚኒስትሮችን እሱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል (አንቀጽ 74)። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለምክር ቤቱ ነው፤ ለሚወስኑትም የጋራ ኃላፊነት አለባቸው (አንቀጽ 72)። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው (አንቀጽ 55)።

አባቶቻችን በ1966 ያጡት በር ይኸው ተጽፏል። ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ አልተቀመጠም። ምክር ቤቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ እምነት ቢያጣ በምን ሥርዓት እንደሚያነሳውም ሕገ መንግሥቱ ራሱ በዝርዝር አልጻፈም። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም ሲሞቱ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ነው። አቶ ኃይለማርያም በየካቲት 2010 ዓ.ም ለመልቀቅ ጠየቁ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በመጋቢት 24 ተተኩ። ሁለቱም ጊዜ ማን እንደሚተካ የተቆረጠው በገዢው ፓርቲ ስብሰባ ነው፤ ምክር ቤቱ ያንኑ አጸደቀ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበር በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ገብቶ እንደነበርም አንርሳ። ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ቤት ሲያድሩ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ከጎብዬ ተነስተን ሚኒስትር ቢሮ መግባት አንችልም። የምርጫ ክልላችን ተወካይ ግን ሚኒስትሩን የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ድምፅ ሊለምነን ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ አንጠይቀው፤ «ባለፉት ዓመታት የትኛውን ሚኒስትር ምን ብለህ ጠየቅኸው? ምን መለሰልህ?» እንበለው። የምንሰጠው ድምፅ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ሒሳብ አለው።

ወላሁ አዕለም። የምታርሙትና የምትጨምሩት ካለ በአደብ ጻፉልን፤ ለሌሎችም አድርሱት።