የሐዲድ ስፋትና የቴፕ ብሎክ

የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ የስፋት ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ከሐዲድ ተምሮታል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ የምድር ባቡር መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም በአዋሽ ቢያልፉም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። መጠባበቂያ ቅጂ የምንይዝ ባልደረቦችም ይህን መሰል ችግር እናውቀዋለን፤ ቴፑ ደኅና ሆኖ ሳለ ጽሑፉ አልነበብ የሚልበት ጊዜ አለ።

ጥፋቱ የጥብጣቡ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው 726 የተሰኘ መሣሪያ የሚጽፈው በግማሽ ኢንች ጥብጣብ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤል.ቲ.ኦ.ም ይህንኑ ስፋት ጠብቋል። የተለዋወጠው አጻጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም «ታር» የተባለውን ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ ስሙ «የቴፕ መዝገብ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ነው። ታር ጽሑፉን በ512 ባይት ከፋፍሎ፣ እንደ ልማዱ ሃያ ሃያውን በአንድ ብሎክ ያሥራል፤ 10,240 ባይት መሆኑ ነው። ጸሐፊው የብሎኩን መጠን ለውጦ ሳይመዘግብ ቢሄድ፣ ወይም አንባቢው መሣሪያ ለሌላ ቋሚ መጠን ተስተካክሎ ቢገኝ፣ ንባቡ በስሕተት መልእክት ይቋረጣል።

ይህስ ቢያንስ ይናገራል። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። በሊኑክስ አንዱ የቴፕ መሣሪያ «ኤስቲ ዜሮ» እና «ኤንኤስቲ ዜሮ» በሚሉ ሁለት ስሞች ይጠራል። በመጀመሪያው ስም ሲጻፍ ሥራው እንዳበቃ ቴፑ ወደ መነሻው ይጠቀለላል፤ በሁለተኛው ባለበት ይቆማል። ሰኞ በመጀመሪያው ስም የጻፈ ሠራተኛ ማክሰኞ በዚያው ቴፕ ላይ ቢደግም የሰኞው ሥራ ይጠፋል፤ ማሽኑም አንዳች ቅሬታ አያሰማም። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት!

የሚጠፋውን ነገር ክብደት ለማየት የአፋርን ሕዝብ ቆጠራ ማሰብ ይበቃል። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲቆጠር አፋር የተቆጠረው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው፤ ውጤቱም 1,390,273 ሰው ሆነ። ተከታዩ አገር አቀፍ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ጥሬ መረጃ ቢጠፋ ማንም ቆጣሪ ወደዚያ ዘመን ግጦሽ ተመልሶ ቤተሰቡን ሊጠይቅ አይችልም።

በበርካታ ዲስኮች ላይ ማባዛት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በጉግል የጂሜል ፕሮግራም ላይ የተፈጠረ ስሕተት የአንዳንድ ደንበኞችን ደብዳቤ ከነቅጂዎቹ ሲያጠፋ፣ ደብዳቤው የተመለሰው ከማሽኑ ተነጥሎ ከተቀመጠ ቴፕ ነበር።

ለሰመራ ባልደረቦቻችን ደግሞ ሙቀቱ አለ። የኤል.ቲ.ኦ. ካርትሪጅ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል እንዲቀመጥ ይመከራል፤ የሰመራ ቀን በሞቃቱ ወራት ከ40 ያልፋል። መብራት ሲቋረጥ ቴፑም አብሮ ይግላል። ስለዚህ ሁለተኛው ግልባጭ ደጋ ቢቀመጥ፣ በካርትሪጁም ላይ ከቀኑ ጋር የብሎኩ መጠንና የተጻፈበት የመሣሪያ ስም በቀለም ቢሰፍር፣ ከዚያም ባልጻፈው ሌላ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ይሻላል።